ታካሚው ሁለት ጊዜ ለምን ይከፍላል?

አንድ የመርካቶ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡ ቢጠፋበት ከሳሪው ራሱ ነው። በሆስፒታል ግን የበሽተኛ ካርድ ሲጠፋ የሚከስረው በሽተኛው ነው። ደሙ እንደገና ይቀዳል፣ ራጁ እንደገና ይነሳል፣ ሒሳቡም እንደገና ይከፈላል። የማይስማማው መድኃኒት የተጻፈው በጠፋው ካርድ ላይ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው ከገንዘብም ያልፋል።

የታካሚውን ታሪክ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የታዘዘለትን መድኃኒት በኮምፒዩተር የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል። ሐኪሙ ካርድ እስኪገኝ አይጠብቅም። የፋርማሲ ባለሙያው የማይነበብ ጽሑፍ ለመፍታት አይቸገርም። በሚገባ የተዘጋጀ ፕሮግራም የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ ያስጠነቅቃል።

ሆኖም ኮምፒዩተር መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም። ድጋሚ ምርመራ ለታካሚው ወጪ፣ ለሆስፒታሉ ግን ገቢ ነው። ስለሆነም አንዱ ሆስፒታል መዝገቡን ለተፎካካሪው እንዲያካፍል ገበያው ራሱ አያስገድደውም።

የአሜሪካ ልምድ ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚሠሩ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች የማበረታቻ ገንዘብ ፈቀደ። በ2008 ከ10 ሆስፒታሎች በአንዱ ገደማ ብቻ የነበረው አሠራር በ2015 ከ10 ከ8 በላይ በሚሆኑት ተዳረሰ። መዝገቡ ግን ከየግቢው በቀላሉ አልወጣም። በመሆኑም የመረጃ ልውውጥን ማደናቀፍ የሚከለክል ሌላ ሕግ በ2016 ማውጣት አስፈለገ።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት በርካሽ ልታገኘው ትችላለች። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ምስጢሩን ለመጠበቅ መሠረት ጥለዋል። በዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሆስፒታሎች ሁሉ የሚከተሉት አንድ ዓይነት የመዝገብ አያያዝ፣ እንዲሁም ታካሚው ሲፈቅድ መዝገቡን የማስተላለፍ ግዴታ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም የመጠባበቂያ ኃይልና የመረጃ ቅጂ ወጪም በዕቅዱ መታሰብ ይኖርበታል።

ግፊቱ ከመንግሥት ብቻ መጠበቅ የለበትም። የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ የሚሸፍኑ ድርጅቶችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለድጋሚው ምርመራ የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው። ከሆስፒታል ጋር ውል ሲያድሱ ስለ ዋጋ ቅናሽ ብቻ ሳይሆን ስለ መዝገብ ርክክብም ሊደራደሩ ይገባል። ሒሳቡን የሚከፍል ሰው የከፈለበትን ውጤት ይዞ የመሄድ መብት አለው።