ስለ ቤት በርና ስለ ስልክ በር

ዛሬ የምናመለክታችሁ በየቤታችሁ ስላለ፣ ነገር ግን ዘበኛ ስላልቆመለት በር ነው። ይኸውም የስልክና የኮምፒዩተር በር ነው።

በደኅና ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ዘበኛ፣ የመጣውን እንግዳ ማንነቱንና ጉዳዩን ሳይጠይቅ አያስገባውም። ዳሩ ግን በስልካችሁ አንድ ገጽ በከፈታችሁ ጊዜ ያልጠራችኋቸው ብዙዎች ተከትለው ይገባሉ። እነዚህም ስክሪፕት ይባላሉ፤ ገጹ የድረ ገጽ መክፈቻ ለሆነው ለብራውዘር የሚሰጣቸው የትእዛዝ ጽሑፎች ናቸው። የሚጻፉበትንም ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ብሬንዳን አይክ የተባለው ሰው በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በ10 ቀን ያህል ሠራው።

ከስክሪፕቶቹ የሚጠቅሙ አሉ፤ በብዙ ገጽ ያለ እነርሱ ቅጽ አይሞላም፣ ክፍያም አይፈጸምም። ሌሎቹ ግን ከሌላ ኩባንያ ተልከው፣ አንባቢው ያነበበውን እየቆጠሩ ይከታተሉታል፤ በገንዘቡ የገዛውንም የኢንተርኔት ጥቅል ይጨርሱበታል። ከ2017 እስከ 2019 ዓ.ም. የቆየው ኮይንሃይቭ የተባለው ስክሪፕትማ፣ ገጹን በከፈተው ሰው መሣሪያ ጉልበት ሞኔሮ የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ ለሌላ ሰው ያመርት ነበር። ባለመሣሪያው የሚያየው የመሣሪያውን መጋልና የባትሪውን ማለቅ ብቻ ነው።

በሁሩታ አገር ስንዴ የሚያመርት ገበሬ እንክርዳዱን ሳይለቅም እህሉን ወደ ወፍጮ አይልክም። ለስልክም እንደዚህ ያለ መለያ ተገኝቶለታል። በኢጣልያ አገር የፓሌርሞ ሰው የሆነው ጆርጆ ማኦኔ በ2005 ዓ.ም. ኖስክሪፕት የሚባለውን የብራውዘር ቅጥያ አወጣ። ይህም ቅጥያ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ስክሪፕትን ሁሉ ይከለክላል። ዋጋም አይጠየቅበትም።

አሠራሩ ይህ ነው። በፋየርፎክስ ብራውዘር የቅጥያዎችን ዝርዝር ከፍታችሁ ኖስክሪፕትን ፈልጉ፤ የሠሪውንም ስም አይታችሁ አስገቡት። ከሌላ ስፍራ የተገኘውን አትቀበሉ፤ ዘበኛው ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ አልሠራ ቢላችሁ ምልክቱን ስትነኩ ስክሪፕት የላኩት ስፍራዎች ስም ይታያል። በመጀመሪያ የገጹን የራሱን ስም ብቻ ለጊዜው ፍቀዱ፤ ካልበቃ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። ነገሩ በፊት ይሰለቻል፤ የምታዘወትሯቸውን ገጾች ከለያችሁ በኋላ ግን ይቀልላል።

ነገር ግን ይህ ዘበኛ ሁሉን የሚችል አይደለም። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የማታለያ መልእክት ይላክላቸው ነበር። መልእክቱን የተከተለ ሰው ቪዲዮ የሚያሳይ የሚመስል ገጽ ያገኛል፤ ቪዲዮውን ለማየትም አስቀድሞ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም እንዲያድስ ይጠየቃል። ማደሻ የተባለው ግን የስለላ ፕሮግራም ነበረ። ባለቤቱ በገዛ እጁ በሩን ከከፈተ ዘበኛው ምን ያደርጋል? ደግሞም ቅጥያው የሚጠብቀው ብራውዘሩን ብቻ ነው፤ እንደ ቴሌብር ያሉትን ለብቻቸው የተጫኑትን መተግበሪያዎች አይጠብቅም።

በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ እስከ ሁሩታ፣ ሴት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሰዶ ወሬዋን በስልክ የሚሰማና ደክማ የላከችውን ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። የዚህ ቤተ ሰብ የምሥጢር ቁጥር ቢሰረቅ የሚጠፋው የልጅቱ ላብ ነው። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ መካከል የተማረው ልጅ ይህን ለእናቱና ለአባቱ በትሕትና ያስረዳ፤ ያላወቁትንም ነገር ከመጫን በፊት እንዲጠይቁት ይንገራቸው።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ እንዲጠበቅ ደንግጓል። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሹም የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ገጽ የማያስፈልገውን የባዕድ ስክሪፕት እንዳይሸከም ብታዝዙ፣ ከሩቅ አገር ያለው ባለጉዳይ በጥቂት ጥቅልና ያለ ሥጋት ጉዳዩን ይፈጽማል። የቤቱን በር ባለቤቱ ይጠብቅ፤ የአደባባዩን በር ግን ሹሙ ሊጠብቅ ይገባዋል።