መትከሉን ችለንበታል፣ ማጠጣቱስ?

የተከበራችሁ የጠመንጃ ያዥ ነዋሪዎች፣

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ጥሩ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን በኛ ሰፈር የተከልነው የት አለ ብዬ ነው።

ሰው ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ለግቢዬ ጌጥ፣ ሐምራዊ አበባውን ወድጄ፣ ጃካራንዳ ተክዬ ነበር። ጥር ላይ ጭራሮ ሆነ። ነቅዬ ባየው ሥሩ ከነጥቁር ላስቲኩ ነው! ሳልቀድ ቀብሬዋለሁ። ውሃውንም ለዝናብ ትቼዋለሁ። ዝናቡ እኮ መስከረም ላይ ተሰናብቶን ይሄዳል።

ስለዚህ ላስቲኩ ይቀደድ። ጉድጓዱ ሰፋ ይበል፣ ሥሩ እንዲላወስ። ዛፉ ከግድግዳና ከቦይ ይራቅ፤ ግቢው ጠባብ የሆነበት ሰው ጽጌረዳ በቆርቆሮ ቢተክል ይሻለዋል። ከጥቅምት እስከ በልግ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ቀስ ተብሎ ይጠጣ። ውሃ በፈረቃ ነው የምትሉ፣ የጎመን ማጠቢያው ይበቃል፤ ሳሙናና በረኪና የነካው ግን አይሆንም። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ብታለብሱት እርጥበቱ ይቆያል፣ ግንዱን ግን አይንካው።

አንዳንዱ «የማይበላ ዛፍ ምን ያደርጋል? ሰፈሩስ ነገ ቢፈርስ ለማን ብዬ ነው?» ይላል። እውነት ነው፣ በልደታ ብዙ መንደር ፈርሷል፤ ስጋቱን አልንቀውም። ዳሩ ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ የተከለ ሁሉ እሱው ቆርጦ አልሞቀውም። ሌላ ሞቆታል። የኛ ልጆች ደግሞ ጥላ የሚፈልጉት ዛሬ ነው። ዓይንም እንደ ሆድ ይራባል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በመንገዳችን ዳር ያለው እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ቤት ይሰጥ፤ የዚያ ቤት አደራ ይሁን። ለቅሶ የቀረ በእድራችን ይቀጣል። ችግኝ ያደረቀ ግን አይቀጣ፤ በሚቀጥለው ክረምት ሁለት ይትከል። እኔ ያንዱ ዕዳ አለብኝና ከኔ ይጀመር።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ