ዘፋኙ ይታወቃል፤ አቀናባሪውስ?

በመቀሌ ሠርግ ላይ ጓይላ ሲደምቅ ስሙ የሚጠራው ዘፋኙ ነው። ክራር መቺው፣ ከበሮ መቺውና ዜማውን ያቀናበረው ሰው ግን ድንኳኑ ሲፈርስ አብረው ይረሳሉ። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት የሙላቱ አስታጥቄን የሥራ ዘመን መመልከት ይበቃል።

ሙላቱ በ1943 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጅማ ተወለዱ። ምሕንድስና ይማሩ ዘንድ ወደ ዌልስ ቢላኩም ዝንባሌያቸው ወደ ሙዚቃ ሆነና በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ተማሩ። በበርክሊ ከተማሩት አፍሪካውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። በ1966 በኒው ዮርክ ባወጧቸው ሁለት ሸክላዎች የአገራቸውን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር አዋሐዱ፤ በ1972ም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አሳተሙ።

ዛሬ ኢትዮ ጃዝ የምንለው የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ጃዝ ግን ዐሥራ ሁለቱን ድምፅ ሁሉ ይጠቀማል። ብዙ ድምፅ ከታከለ ቅኝቱ ጣዕሙን ያጣል፤ ካልታከለም ጃዝ አይሆንም። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ላይ አቆይተው፣ ከሥር የሚደግፈውን እየመጠኑ ጨመሩ። ስለዚህ ሰሚው አዲስ ነገር ሲያገኝ የሚያውቀውን አላጣም።

በ1973 ዲዩክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ሙላቱ አብረዋቸው ተጫወቱ። በዓመቱ አብዮት መጣ፤ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽት ቤቶችን ዘጋ፤ ብዙ ሙዚቀኛም እንጀራውን አጣ ወይም ተሰደደ። ሙላቱ ግን በአገር ቀሩ። ስማቸው ዓለምን የዞረው በ1998 የድሮ ሥራዎቻቸው ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ከታተሙ፣ በ2005ም «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ከተሰሙ በኋላ ነው።

ከ1966 እስከ 1998 ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው የሰዓት እላፊ ብቻ ነውን? አይደለም። እኛ ቃል አክባሪ ሕዝብ ነን፤ ሰምና ወርቁን እንፈልጋለን። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ግን «ክላሲካል» ብለን የሬዲዮ ዝግጅት መሙያ አደረግነው። ያልጠየቅነውን ሰው ሌላው ጠየቀው፤ እኛም ዋጋውን ከውጭ ሰማን።

መቀሌ ከዚህ የምትማረው አለ። በኛ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ከተማችን የሰዓት እላፊንና የመድረክ ዝምታን ቀምሳለች። አሁን ክራሩን አንሥቶ እንደ ገና የሚጫወተው ወጣት ጭብጨባ ብቻ አይበቃውም። ሙላቱ የአገር ባህል መሣሪያ ሠሪዎችንና ተጫዋቾችን እንደ ሊቃውንት ቆጥረው ክራርን ለማሻሻል ደክመዋል። በ2025 ባወጡት «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» በተባለው አልበምም የአገር ባህል ተጫዋቾችን አሰልፈዋል።

ሕጉም ቢሆን አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማ ደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው መብቱን በምን ያስረዳል? እንግዲህ አሳታሚው የተጫዋቾቹን ስም በሙሉ ይጻፍ፤ የሬዲዮ አዘጋጁ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የአቀናባሪውን ይጥራ፤ ሠርግ ደጋሹም ክራር መቺውን «አንተ» ብሎ ከመጥራት በፊት ስሙን ይጠይቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመጠበቅ ግን ያድናል።