የልጅ ዘፈን አያሳንስም!

«የካርቱን ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው እንዴ?» የሚሉንን መልሰን እንጠይቃለን፦ ለመሆኑ ዘፈን ማለት ምንድን ነው? ጃፓናዊቷ ኤይር አኦይ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ፣ ስሟን ያስጠሩት የካርቱን ፊልም መክፈቻና መዝጊያ ዘፈኖች በውስጡ ነበሩ። አላሳነሷትም፤ አስጠሯት እንጂ!

የኛ ድምፃዊ ግን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያስብ ፍቅርና ሠርግ እንጂ ልጅ ትዝ አይለውም። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ አባባ ተስፋዬ ለ40 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነገሩ። አገር ሙሉ «አባባ» አላቸው። ታዲያ ይሄ ማነስ ነው?

እስቲ አሞራ ገደል ውረዱ። አስጋሪው ዓሣውን ሲበልት፣ አባ ኮዳው እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ ድርሻውን ሲጠብቅ፣ ሕፃናቱም ሲስቁበት ታያላችሁ። ከዚህ የተሻለ የካርቱን ባለታሪክ ከወዴት ይመጣል? ዜማ የሠራለት ግን የታለ?

ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ ስለ ጨረቃ መቆዘሙን ለጊዜው ይተውና ለአባ ኮዳ አንድ የልጆች መዝሙር ይጻፍ፤ በአማርኛም፣ በሲዳምኛም። ልጁን በሰው አገር ዜማ ብቻ ያሳደገ፣ ነገ «ባህላችን ተረሳ» ብሎ ማልቀስ አይችልም!