ሣጥኑ ከመገዛቱ በፊት አየሩ ይፈተሽ

የአባላት ምዝገባን፣ የማዳበሪያ ጥያቄንና የሒሳብ ልውውጥን በኢንተርኔት ለሚያከናውኑ የገበሬዎች ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች የዋይፋይ አገልግሎት የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በገበያ ቀን፣ አባላቱ ከየጎጡ ሲሰባሰቡና የሁሉም ስልክ በአንዲት ማሰራጫ ላይ ሲንጠለጠል፣ የጸሐፊው ኮምፒዩተር ፈዝዞ ይቀራል። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይመለሳል። የዘር ወቅት ደግሞ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም።

በዚህ ጊዜ ከመሪዎች ዘንድ ቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ «ጉልበት ያለው ሣጥን ይገዛ» የሚል ነው። ሻጩም ይህንኑ ያበረታታል፤ አንቴናው በበዛ ቁጥር ዋጋውም ይበዛልና። ነገር ግን የአባላት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የችግሩ ምንጭ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። መለያው ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ከማሰራጫው ጋር በሽቦ ይያያዝ። በሽቦም ሥራው ከዘገየ ጉድለቱ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ስለሆነ አዲስ ሣጥን አያድነውም። በሽቦ ፈጥኖ ያለ ሽቦ ከዘገየ ግን ችግሩ ያለው ከአየሩ ነው። ፈተናው መደረግ ያለበትም በገበያ ቀን ነው፤ ባዶ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ማሰራጫ ጎበዝ ነው።

መስኖ የሚያውቅ ገበሬ የአየሩን ጉዳይ ለመረዳት አይቸገርም። የአንድ ቦይ ውሃ በተራ እንደሚጠጣ ሁሉ፣ በአንድ የሞገድ መስመር ላይም በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ነው። አሮጌ ስልክ፣ ወይም ከሩቅ የተያያዘ ስልክ፣ መልእክቱን በዝግታ ስለሚያደርስ ተራውን ያራዝማል፤ የሚጎዳው ግን ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ነው። አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ በዚያው መስመር ላይ የራሱን ማሰራጫ ከተከለ ደግሞ፣ ሁለት የውሃ አባቶች ሳይነጋገሩ አንዱን ቦይ እንደመክፈት ይቆጠራል።

አሮጌዎቹ ማሰራጫዎች በአብዛኛው የሚሠሩበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች አሉት። ቁጥሩ ያታልላል። ቻናሎቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ በተለምዶ ጎን ለጎን ሳይረባበሹ እንዲሠሩ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ብሉቱዝም በዚያው ሞገድ ይጠቀማል። ስለዚህ በአንድ ቻናል ላይ ማሰራጫ መደርደር፣ ወይም ጉልበቱን ማብዛት፣ ረብሻውን ወደ ጎረቤት ከማስፋት በቀር ብዙም አይፈይድም። ማሰራጫው ቢጮኽም ራቅ ካለው ስልክ የሚመለሰው ድምፅ ያው ደካማው ነው።

ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራ አለ። ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግሮ ቻናል መለየት፣ ማሰራጫውን ከብረት ቁም ሣጥን አውጥቶ ከፍ ብሎ ከሚታይ ቦታ መስቀል ይቻላል። ለፈተና የተዘረጋው ሽቦም ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ባይነቀል ይመረጣል፤ ምዝገባው ከስልኮቹ የአየር ሰልፍ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መግዛት ግድ ከሆነ፣ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም የሚሠራ ይሁን። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ወፍራም ግድግዳ ግን ያደክመዋል። በመሆኑም ለአዳራሹና ለመጋዘኑ ከአንድ ጉልበተኛ ይልቅ በተለያየ ቻናል የሚሠሩ ሁለት መጠነኛ ማሰራጫዎች ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጸደቀው ከዋይፋይ 4 ወዲህ፣ ከ2019 ጀምሮ የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት እየተሰጠው የመጣው ዋይፋይ 6 አንዱን ተራ ለብዙ መሣሪያዎች ከፋፍሎ ማደል ይችላል። ይህንን ደንብ የማያውቁ አሮጌ ስልኮች ግን በድሮው አካሄድ ስለሚቀጥሉ፣ እነርሱን በ2.4 ላይ ትቶ የቢሮውን ሥራ ወደ 5 ማዛወር ይበጃል።

የግዥ ኮሚቴው ሻጩን ዕቃው ለአንድ የገበያ ቀን ተተክሎ እንዲሞከር ቢጠይቀው ነውር የለውም። የተመረጠው ቻናል ቁጥርም በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር፤ ጸሐፊ በተለወጠ ቁጥር ፍለጋው እንደገና ከሀ እንዳይጀመር።