ለአሮጌ ቤት አዲስ ሥራ

አንድን ጥንታዊ ቤት ከጥፋት የሚያድነው ምንድን ነው? ብዙዎች «ሕግ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎትም ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። ለዚህ አስተያየቴ በፓሪስ ከተማ የሚገኘውን የቢሮን ቤት በማስረጃነት አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፈረንሳዮች ይህን ቤት «ሆቴል ቢሮን» ይሉታል። ሆቴል የሚለው ቃል በቋንቋቸው የእንግዳ ማረፊያን ብቻ ሳይሆን፣ በከተማ ውስጥ የተሠራ የባለጸጋ መኖሪያንም ያመለክታል። ቤቱን በ1720ዎቹ መጨረሻ ማሠራት የጀመረው በገንዘብ ንግድ የከበረ ፔራንክ ደ ሞራስ የተባለ ሰው ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ዣን ኦቤር ነው። ከፊቱ ግቢ፣ ከኋላው ሰፊ የአትክልት ቦታ አለው። የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1753 ከገዛው ከማርሻል ቢሮን ነው።

በ1820 ቤቱ በአንድ የሴት መነኮሳት ማኅበር እጅ ገብቶ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሆነ። መነኮሳቱ ጌጡን ከምንኩስና ሕይወት ጋር የማይስማማ ከንቱ ነገር አድርገው ስላዩት፣ የተቀረጸውን የግድግዳ እንጨት፣ መስተዋቱንና ሥዕሉን አስነቅለው ሸጡት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማኅበሩ ለቆ ሲወጣም፣ ገዢ እስኪገኝ ድረስ ክፍሎቹ ለተከራዮች ተሰጡ፤ በሕንፃውም ላይ የመፍረስ አደጋ አንዣበበበት።

በ1908 ከተከራዩት አንዱ ቀራጺው ኦጉስት ሮዳን ነበር። መንግሥት ቤቱን በ1911 ገዛው። ሮዳንም ቤቱ ቤተ መዘክር የሚሆን ከሆነ ሥራዎቹን ለመንግሥት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ስጦታውን በ1916 አበረከተ፤ በ1917 ሞተ፤ ቤተ መዘክሩም በ1919 ለሕዝብ ተከፈተ። ሕንፃው በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቦ በሕግ የተጠበቀው ግን በ1926 ነው። እንግዲህ አገልግሎቱ ቀደመ፤ ጥበቃው ተከተለ።

ይሁን እንጂ አገልግሎት ሁሉ ቤትን ያድናል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቱም አገልግሎት ነበረ፤ ጌጡ የተነቀለውም በዚያው ዘመን ነው። ከተሸጠው እንጨት ከፊሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ተፈልጎ ወደ ቦታው ቢመለስም፣ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ስለሆነም አገልግሎት ለቤቱ ሕይወት ይሰጠዋል፤ ሕግ ደግሞ ለተገልጋዩ ገደብ ያበጅለታል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

«የአንድ ባለጸጋ ቅንጦት የነበረውን ቤት በሕዝብ ገንዘብ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ያወጣው ባለጸጋው ቢሆንም፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን የፈለፈለው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው የእጅ ባለሙያ ነው። ቤቱ ሲፈርስ የሚጠፋው የባለጸጋው ክብር ሳይሆን የእነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ጥበብ ነው። ዛሬም በዚያ በር የሚገባው ጥቂት መሳፍንት ሳይሆን ሕዝቡ ነው።

ስለዚህ በአንድ አሮጌ ቤት ፊት ስትቆሙ «ይፍረስ» ወይም «ይቆይ» ለማለት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ቤት የማን እጅ ሠራው? ከእንግዲህስ ሳይጎዳ ለማን ሊያገለግል ይችላል?