የጉና ገብስ ከምን ይሠራል?

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፥ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በጉና ተራራ ላይ የሚበቅለው ገብስና ድንች ከምን ይሠራል ቢባል፥ ብዙዎቻችን «ከአፈር ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በ17ኛው መቶ ዓመት ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪም በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ላይ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተክሎ፥ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ እያጠጣ ቈየ። ዛፊቱ 164 ፓውንድ ስትጨምር ከአፈሩ የጐደለው 2 አውንስ፥ ማለት 60 ግራም ያህል ነበር። ሐኪሙም ዛፊቱ ከውሃ ተሠራች ብሎ ፈረደ፤ ውሃውን አገኘ፥ አየሩን ግን ረሳው። በ1779 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ኢንገንሆዝ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ሥራው የሚካኼደው በብርሃን እንደ ሆነ፥ ሠራተኛውም የተክሉ አረንጓዴ ክፍል እንደ ሆነ አስረዳ።

ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ሥር ውሃ ይልክለታል፤ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም በፀሐይ ኃይል ከሁለቱ ስኳር ያዘጋጃል፥ ኦክሲጅንም ይተርፋል። በገብሱ ዛላና በድንቹ ውስጥ የሚከማቸው ይኸው ስኳር ወደ ስታርች ተለውጦ ነው። ሌሊት ተክሉ ካዘጋጀው ከፊሉን ለራሱ ኑሮ ያቃጥላል፤ የደጋ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ወጪው ያንሳል። ድንች ደጋን የሚወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ አፈር ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም፤ ቁም ነገሩ ያለው በዚያች በ2 አውንስ ላይ ነው። ክሎሮፊል ያለ ናይትሮጅንና ያለ ማግኒዥየም አይሠራም፤ እነዚህንም ገብሱ የሚያገኘው ከአፈር ነው። መሬቱ ሲራቆት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፀሐይም በከንቱ ትወጣለች፥ ትጠልቃለች። ጉማራና ርብ በክረምት ደፍርሰው ከጉና ወደ ጣና ሲወርዱ ተሸክመውት የሚሄዱት ይህንኑ ሀብት ነው። ኩበት ሲነድም ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋራ ይበናል።

«ኩበት አታንዱ» ብሎ ማዘዝ ለወጣቱ ሹም ቀላል ነው። እንጀራው በምን ይጋገር? በየደጁ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ሳይተከል የሚሰጥ ምክር፥ በእኛ አስተያየት፥ ባዶ ቃል ነው።

ተማሪውም ቢሆን ቀመሩን በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሳሳት ይጽፋል፤ የአባቱ ገብስ ስለ ምን ቢጫ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት የደጋው ገብስ ገና ለምለም ነው። መምህሩ ልጆቹን ማሳ ዳር አውጥቶ አንድ አረንጓዴና አንድ ቢጫ ቅጠል በእጃቸው ቢያስይዛቸው፥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ይኸው ብቻ ነው።